ጠመንጃ አፍቃሪ ፋብሪካ ቢሰጠው ምን ያደርጋል?

የአጎቴ ልጅ ኑሮውን ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ካደረገ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሙያው የሒሳብ ሥራ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ዒላማ ይተኩሳል፣ የድሮ ሽጉጥ ይሰበስባል። ባለፈው ገና ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ቤቴ ምሳ በላንና ቡናው እስኪፈላ ስንጫወት፣ ወሬው እንዴት እንደዞረ እንጃ፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ላይ አረፈ። «ጋሼ፣ ፋብሪካው የእኔ ቢሆን ኖሮ እኮ…» ብሎ ጀመረና ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አላቆመም። ፕላስቲኩን አስወጥቶ የጥንቱን ብረትና የዋልነት እንጨት ይመልሳል። የተቋረጡትን ሞዴሎች እንደገና ያሠራል። በሽጉጡ ቱቦ ላይ የተቀረጸውን «ከመጠቀምዎ በፊት የማስጠንቀቂያ መመሪያውን ያንብቡ» የሚል ጽሑፍ ያስፍቃል። «ይህን ሁሉ ያበላሻችሁት እናንተ የሕግ ሰዎች ናችሁ» አለኝ እየሳቀ።

ሕግ ተምሬ ያረጀሁ ሰው ነኝና ነገሩ ትንሽ ነካኝ። ያም ሆኖ የጠመንጃ ፍቅር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ውጅግራውን፣ ስናድሩን፣ ምንሽሩን እንደ ፈረስ በስም ለይተው ያውቁ ነበር። ውጅግራ ከፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ስም የመጣ መሆኑን፣ ስናድር ደግሞ የእንግሊዙ ስናይደር መሆኑን ባያውቁ እንኳ የትኛው በዝናብ እንደሚነክስ፣ የትኛው ትከሻ እንደሚመታ ይነግሩዎታል። ልዩነቱ እኛ ጠመንጃውን ስንወድ ፋብሪካው ሌላ አገር ነበር። አሜሪካዊው አፍቃሪ ግን ፋብሪካው ጎረቤቱ ነው፤ «ቢሰጠኝ ኖሮ» ብሎ ቢያልም አይፈረድበትም።

የሚገርመው፣ አንድ እንዲህ ያለ አፍቃሪ ፋብሪካውን በእርግጥ አግኝቶ ነበር። ምን እንደለወጠና ምን እንዳልለወጠ መዝገብ ላይ ስላለ የአጎቴን ልጅ ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መመለስ ይቻላል።

ሰውዬው ቢል ሩገር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1916 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ተወለደ። ገና በልጅነቱ የድሮ ጠመንጃ መሰብሰብና መፈታታት የሚወድ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲውን ሳይጨርስ ትቶ ለጥቂት ጊዜ የመንግሥት ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ በንድፍ ሥራ ተቀጠረ። በ1949 አሌክሳንደር ስተርም ከሚባል ወዳጁ ጋር በ50 ሺሕ ዶላር መነሻ ኮኔቲከት ውስጥ ስተርም ሩገር የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያ ምርቱ 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚሸጥ አነስተኛ ሽጉጥ ነበር፤ አካሉ በማሽን ከታተመ ሁለት ግማሽ ብረት ተበይዶ የተሠራ በመሆኑ ርካሽ ሆነ፣ ግን ቆንጆ ነበር። ስተርም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው የአንድ አፍቃሪ ሰው ዓይንና እጅ ሆነ ማለት ይቻላል።

አፍቃሪው መጀመሪያ ያደረገው ልክ የአጎቴ ልጅ አደርገዋለሁ ያለውን ነው። በካውቦይ ፊልሞች የምናውቀውን ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥበትን የጥንት ሪቮልቨር፣ ኮልት የተባለው ታላቅ ኩባንያ ገና በ1940ዎቹ መግቢያ ማምረቱን አቁሞ ነበር። የኮልት ኃላፊዎች ዘመኑ ያለፈበት ዕቃ ነው ብለው ነበር የተዉት። ሩገር ግን ይህን ዓይነት ሽጉጥ የሚናፍቅ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ራሱ ይናፍቅ ነበርና። በ1953 ትንሹን፣ በ1955 ትልቁን አወጣ። ኮልትም አይቶ በ1956 ወደ ገበያው ተመለሰ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ማንም ገበያ አጥኚ ያልጠየቀውን አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የአደን ጠመንጃ አወጣ፤ እሱም ተሸጠ።

ሆኖም ጥንታዊውን መልክ የመለሰው በጥንታዊ አሠራር አይደለም። ቶሎ ይሰበር የነበረውን ዝርግ ሞላ አስወጥቶ በጥምዝ ሞላ ተካው። ክፍሎቹን ከብረት ጠርቦ ከማውጣት ይልቅ በሰም ቅርጽ ላይ ቀልጦ በሚፈስ ብረት ማውጣትን መረጠ፤ የእኛ መስቀል ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን ዘዴ ማለት ነው። ንጹሕ አፍቃሪዎች «ቀልጦ የፈሰሰ ብረት» እያሉ ያሾፉበት ነበር። እንግዲህ አፍቃሪ ፋብሪካ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚማረው የሚወደውን ዕቃ የሚወዱት ሌሎች ሰዎች ሊገዙት በሚችሉት ዋጋ መሥራትን ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ሩገር ከጥንቱ ሪቮልቨር ብዙ ነገር ሲለውጥ አንድ ነገር አልነካም። በጥንቱ አሠራር መቺው ተኝቶ ሳለ የሚያርፈው በቀጥታ በመርፌው ላይ ነው፤ መርፌው ፊት ደግሞ የጎረሰ ጥይት አለ። ሽጉጡ ከወደቀና መቺው ድንጋይ ከነካ ማንም ምላጭ ሳይስብ ይተኩሳል። ለመጠበቂያ ተብሎ መቺው ላይ የተቆረጠች ትንሽ ጥርስ አለች፤ እሷ ግን ልትሰበር ትችላለች። የጥንት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ስድስት ጥይት በሚይዘው ሽጉጥ አምስት ብቻ ያጎርሱ፣ መቺውን ባዶው ላይ ያስተኙ ነበር። መፍትሔው ቢሆን አዲስ አልነበረም። ምላጩ ሲሳብ ብቻ ተነሥታ በመቺውና በመርፌው መካከል የምትገባ ትንሽ ብረት ማድረግ በቂ ነው፤ ሌሎች አምራቾች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ይጠቀሙባት ነበር። ሩገር የጥንቱን እንዳለ ያቆየው አፍቃሪዎች መቺውን ወደ ኋላ ሲስቡ የሚሰማውን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅና ስሜት ስለሚወዱ ነበር? ወጪውን ፈርቶ ነበር? ምናልባት ሁለቱም።

መልሱን በከፊል የሰጠው ፍርድ ቤት ነው። አላስካ ውስጥ አንድ ሰው የዚህ ኩባንያ ሪቮልቨር ባልታሰበ ተኩስ አቁስሎት ክስ መሠረተ። ጁሪው ከጉዳት ካሣው ሌላ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የቅጣት ካሣ ፈረደለት። የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 በሰጠው ውሳኔ ገንዘቡ በዝቷል ብሎ ቀነሰው፤ ቅጣት መገባቱን ግን አልሻረም። የውሳኔው ምክንያት ለማንኛውም የሕግ ተማሪ የሚነበብ ነው። ማስረጃው የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች አደጋውን ያውቁ እንደነበር፣ ንድፉን ከመለወጥ ያዘገያቸውም በአንድ ሽጉጥ ላይ የሚጨመር ሁለት ዶላር የማይሞላ ወጪ እንደነበር ያሳያል የሚል ነው። ፍርዱ እስኪመጣ ድረስ ሩገር ንድፉን ለውጦ ነበር፤ ከ1973 ጀምሮ ያቺ ትንሽ ብረት ገብታለች። ለድሮዎቹ ባለቤቶችም ኩባንያው በነፃ አስገባላችኋለሁ፣ የድሮውንም ክፍል እመልስላችኋለሁ ብሎ ሲያስተዋውቅ ኖሯል። የአጎቴን ልጅ የሚያናድደው የቱቦ ላይ ጽሑፍም ከዚያው የክስ ዘመን የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ከሕግ አኳያ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በአሜሪካ ማቀዝቀዣ፣ የሕፃናት መጫወቻ፣ የዳቦ መጥበሻ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሊያደርግ የሚችል የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን የሚባል የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ። ይህ ኮሚሽን በጦር መሣሪያ ላይ ሥልጣን የለውም። ሕግ አውጪው በ1970ዎቹ ሆን ብሎ አውጥቶበታል። የመጫወቻ ሽጉጥን ማስቆም ይችላል፣ እውነተኛውን ግን አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ የአምራቹን እጅ ሊይዝ የሚችለው የተጎዳ ሰው የሚያቀርበው ክስ ብቻ ሆኖ ቆየ። በ2005 ደግሞ ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙት ሕግ ይህንንም አጠበበው፤ ወንጀለኛ በመሣሪያው ለሚያደርሰው ጉዳት አምራቹ በአብዛኛው አይከሰስም። የንድፍ ጉድለት ክስ በተወሰነ ሁኔታ ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። «በሌላ ሰው» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ገዢ መሆን አያስፈልግም። ለጦር መሣሪያ ደግሞ ይህ ዋናው ነገር ነው። መጥፎ ጫማ የሚጎዳው የገዛውን ነው። ከወገብ የወደቀ ሽጉጥ የሚመታው ግን አጠገብ የቆመውን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ዋጋ አልከፈለም፣ ለኩባንያው ደብዳቤ አይጽፍም፣ «ፋብሪካው የእኔ ቢሆን» ብሎም አላለመም። አፍቃሪ ሥራ አስኪያጅ የደንበኛውን ልብ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ያን አጠገብ የቆመ ሰው ግን ሊያይ የሚችለው ከሳሽ ሆኖ ሲመጣ ነው። የአጎቴ ልጅ «ያበላሻችሁት» ያለው ነገር በእኔ ግምት የዚያ ሰው ድምፅ ነው።

ሩገር ሽማግሌ ከሆነ በኋላ ራሱ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። በ1989 ኮንግረስ አንዳንድ ጠመንጃዎችን ሊከለክል ሲነጋገር፣ ጠመንጃዎቹ ቀርተው ከ15 ጥይት በላይ የሚይዙ ካዝናዎች ይገደቡ የሚል ሐሳብ ለምክር ቤት አባላት ጽፎ ላከ። አንዳንዶች ይህን የንግድ ዘዴ ነው ይላሉ፤ የራሱን ጠመንጃዎች ከክልከላው ለማትረፍ ማለት ነው። ሊሆን ይችላል። ወዳጆቹ አፍቃሪዎች ግን እንደ ክህደት ቆጠሩት፤ በ1994 የወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥሩን ወደ 10 ዝቅ አድርጎ ለአሥር ዓመት ሲሠራ ጥፋቱን በእሱ ላይ ደፈደፉት። ሩገር በ2002 ከሞተ በኋላም ስሙ ሲነሣ ይህ ደብዳቤ አብሮ ይነሣል። ጨዋታው ለዛ እንዲኖረው፣ የአጎቴ ልጅ የሚኖርበት ኮሎራዶ በ2013 ባወጣው ሕግ የካዝናውን ጣሪያ 15 ነው ያደረገው። ይህን ስነግረው ቡናውን አስቀምጦ ዝም አለ።

ከሩገር በኋላ የመጡት ሥራ አስኪያጆች ዓይናቸው በኪስ የሚያዝ ሽጉጥ ላይ አረፈ። በ2008 አንድ በጣም ትንሽ ሽጉጥ አወጡ፣ ገበያውም ጎረፈ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ግን የመጀመሪያዎቹ ሲወድቁ ሊተኩሱ እንደሚችሉ ስለታወቀ ኩባንያው መልሱልኝ፣ በነፃ አስተካክላለሁ ብሎ አስታወቀ። ያው የ1950ዎቹ በሽታ ነው፤ በ1950ዎቹ የጀመረው 1973 ድረስ ቆይቷል፣ የ2008ቱ ግን በወራት ውስጥ ታወጀ። ማንም መሥሪያ ቤት አላዘዘውም፤ ሊያዝም አይችልም ነበር። ያ የአላስካ ፋይል ግን ኩባንያው መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

የአጎቴ ልጅ ሊሄድ ሲል ከሰበሰባቸው መካከል የሚወደው የትኛው እንደሆነ ጠየቅሁት። ከ1973 በፊት የተሠራ የሩገር ሪቮልቨር ነው አለኝ። ለኩባንያው ልከህ ያቺን ብረት አስገብተሃል ወይ አልኩት።

«አይ ጋሼ፣ ከተነካካማ ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል። አምስት ጥይት ብቻ ነው የማጎርሰው።»

ወንድ ልጁ አሁን 14 ዓመቱ ነው። ስድስተኛው ጉድጓድ ለምን ባዶ እንደሚተው ነግረኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እስካሁን አልነገርኩትም አለኝ።