ወንዙን መጠበቅ ከማሳችን ይጀምራል

ጉኑኖ በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው ወይና ደጋ ነው። ዝናብ አያጣም። ሰዉ ብዙ ነው፤ መሬቱ ግን ጠባብ ነው። በየጓሮው እንሰት አለ። ከጓሮው አልፎ በቆሎ፣ ጎደሬና ስኳር ድንች ይበቅላል።

በክረምት የጉኑኖን ወንዞች እንመልከት። ውሃው ቀይ ነው። ምን አቀላው? አፈር ነው። አፈሩ ከየት መጣ? ከእኛው ማሳ ነው። ፍግ ያፈሰስንበት፣ የደከምንበት አፈር በአንድ ቀን ጎርፍ ይሄዳል። ወንዞቹ ወደ ኦሞ ይወርዳሉ። በኦሞ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ አለ። አፈራችን ደለል ሆኖ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ለእኛ አይመለስም። ደለል ግድብንም ይጎዳል።

በበጋስ? ያው ወንዝ ይመነምናል። ምንጩም ይደክማል። ምክንያቱ አንድ ነው። ዝናብ በተራቆተ መሬት ላይ ሲወርድ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ ይሮጣል። በሣርና በዛፍ ሥር ግን ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የሰረገው ውሃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

አፈር የተለካበት ቦታ

ይህ ነገር በጉኑኖ በወሬ ብቻ አልቀረም። በ1974 ዓ.ም. ገደማ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ሥራውን የጀመሩት የግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንድ አገር የሚገኘው የበርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በጣቢያው ዝናቡ ይለካ ነበር። የወንዙ ውሃ ከፍታ ይለካ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው እየተቀዳ በውስጡ ያለው አፈር ይመዘን ነበር።

በማሳም ላይ ልዩ ልዩ ዘዴ ተሞከረ። አንዱ የአፈር እርከን ነው። ሌላው የሣር መስመር ነው። ሦስተኛው ፋንያ ጁ ይባላል። ቃሉ የስዋሂሊ ነው። ቦዩ ይቆፈራል፤ አፈሩ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ ይጣላል። የሚወርደው አፈር እዚያ ይያዛል። በዓመታት ውስጥ ማሳው ደረጃ እየሠራ ይሄዳል።

ያላመኑበት እርከን

በ1970ዎቹ በአገራችን ብዙ እርከን ተሠራ። በብዙ ቦታ ለሠራተኛው እህልና ዘይት ይሰጥ ነበር። ሥራው ግን የመጣው በትእዛዝ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙው እርከን ፈረሰ። ገበሬው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የራሱ ምክንያት ነበረው። እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ ቦታ ይወስዳል። በሬ ለማዞር ያስቸግራል። አይጥም ይደበቅበታል። ይህን ጥያቄ ማን ሰማው? ሳይመከርበት የተሠራ ሥራ አይዘልቅም።

የሁምቦ ጎረቤቶቻችን

ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ የሁምቦ ወረዳ አለ። የሁምቦ ተራራ ደኑ ተመንጥሮ ተራቁቶ ነበር። ጎርፉ ታች ያለውን ማሳ ይጎዳ ነበር። ምንጮችም ደርቀው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. በወርልድ ቪዥን ድጋፍ አዲስ ሥራ ተጀመረ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሰግቶ ነበር። «መሬታችን ሊወሰድ ነው» ብሎ ጠረጠረ። ስለዚህ ብዙ ስብሰባ ተደረገ፤ ብዙ ተመከረ። በመጨረሻ ሕዝቡ በ7 የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጀ። ማኅበራቱ የመሬት መጠቀሚያ መብታቸውን በወረቀት አገኙ። 2,728 ሄክታር መሬት መጠበቅ ጀመሩ።

አብዛኛው ደን በችግኝ የመጣ አይደለም። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶና ሥር በመሬት ውስጥ በሕይወት ነበር። ሰዎቹ ከብት ከለከሉ። ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራውን መርጠው ተዉ፤ ሌላውን ገረዙ። ዛፉ አደገ። ጎርፉ በረደ፤ ምንጮች ተመለሱ። የተገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ፣ የታጨደው ሣር ለከብት ሆነ።

ዛፍ የተቃጠለ አየር ከሰማይ ይስባል። ለዚህ ጥቅም በዓለም ገበያ ገንዘብ ይከፈላል። የሁምቦ ሥራ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተመዘገበ። ማኅበራቱም ገንዘብ አገኙ። ከገንዘቡ የእህል መጋዘንና ወፍጮ አቆሙ።

እኛስ ምን እናድርግ?

በቅድሚያ እንመካከር። ተራራው ሲከለል የሚጎዳው ማን ነው? እንጨት ሸጣ የምታድር እናት አለች። የግጦሽ መሬት የሌለው ጎረቤት አለ። እነሱ ካልተሰሙ ሌሊት ደኑ ይቆረጣል። ለእነሱ የሣርና የማገዶ ድርሻ ይመደብ።

ሥራው ከላይ ከዳገቱ ይጀመር። ከላይ ያለው ሳይያዝ የታችኛውን እርከን ጎርፍ ይጥሰዋል።

በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ወይም ዝሆኔ ሣር እንትከል። አፈሩን ይይዛል፤ ለከብትም መኖ ይሆናል። እርከኑ የወሰደውን ቦታ ሣሩ ይክሳል።

ቦረቦሩን በድንጋይና በእንጨት ክትር እንዝጋ። እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ አንረስ። ከምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ አንትከል፤ ውሃ ይመጥጣል።

የተስማማንበትን ደንብ እንጻፍ። በቃል የቀረ ደንብ ይረሳል፤ ለጠብም ይዳርጋል። ዛሬ ፊደል የቆጠራችሁ ሁሉ ደንቡን ለማኅበሩ አንብቡ። ከመፈረማችሁ በፊት ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ወንዝም እንዲሁ ነው።

እንወያይ
1. በሰፈራችን ያለው ወንዝ በክረምት ለምን ይቀላል?
2. የድሮው እርከን በብዙ ቦታ ለምን ፈረሰ?
3. በሰፈራችን ደንብ ቢጻፍ በቅድሚያ የማን ችግር ይሰማ?