ቀኑን ማን ይቁረጥ? የላዳክ ገዳማት በዓላት ክርክር

በህንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከታላቁ የሂማላያ ሰንሰለት ጀርባ ያለችው ላዳክ ዝናብ ብዙም የማይደርስባት ደጋ ናት። ዋና ከተማዋ ሌህ ከባሕር ወለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ገብሱ የሚበቅለው ከተራራው በረዶ ቀልጦ በሚወርድ የመስኖ ውኃ፣ በአጭር የሙቀት ወራት ነው። ስለዚህ ገበሬው በሙቀቱ ወራት ሲያርስና ሲያጭድ ይከርምና ፋታ የሚያገኘው ብርዱ ሲገባ ነው፤ አብዛኞቹ የቡድሃ ገዳማት ዓመታዊ በዓላቸውን በብርዱ ወራት ማክበራቸውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። መነኮሳቱ ጭምብል አጥልቀው በከበሮና በረጅም መለከት ቻም የተባለውን ሥርዓት ይጨፍራሉ። በስፒቱክ ገዳም የጉስቶር በዓል መዝጊያ ላይ ከሊጥ የተሠራ የክፋት ምስል ይቆራረጣል። በማቶ ገዳም ደግሞ ተገልለው በጸሎት የቆዩ ሁለት መነኮሳት መንፈስ ወርዶባቸው ዓይናቸው ተሸፍኖ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ይሮጣሉ፤ የመንደሩ ሰው የሚመጣው ዓመ​ቱ እንዴት እንደሚሆን ከእነሱ አፍ ለመስማት ነው።

ላዳክ ለውጭ ጎብኚ የተከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 274 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2022 የገባው ጎብኚ ግን ከ500 ሺህ በላይ ሆኗል፣ አብዛኛውም በሙቀቱ ወራት። በእነዚህ ዓመታት ፍያንግን ጨምሮ ጥቂት ገዳማት በዓላቸውን ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ወራት አዛውረዋል። ይህን ተከትሎ የመጣው ክርክር እስካሁን አልበረደም።

ነቃፊዎቹ የተቀደሰ ቀን አይነካም ይላሉ። የላዳክ ታሪክ ግን አይደግፋቸውም። የላዳክ ዘመን መለወጫ ሎሳር ከቲቤቱ ሁለት ወር ቀድሞ ይከበራል፤ ምክንያቱም፣ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ንጉሥ ጃምያንግ ናምግያል ባልቲስታንን ለመውጋት ሲነሳ ከአዲሱ ዓመት በፊት መዝመት ክፉ ነው ስለተባለ በዓሉን አስቀደመው። ዘመቻው አልቀናውም፣ ንጉሡም ተማረከ። አዲሱ ቀን ግን ጸና። ጦርነት የለወጠው ቀን ከተቀደሰ፣ ቱሪዝም የለወጠውን በደፈናው ማርከስ አይቻልም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ንጉሡ ሎሳርን ሲያዛውር የሁሉም ቤት ምድጃ አብሮ ተዛወረ፣ በበዓሉ ቀንም ባለበዓሉ ቤቱ ነበር። ዛሬ በሙቀቱ ወራት የላዳክ ወጣት ሹፌር፣ መንገድ መሪ ወይም የእንግዳ ማረፊያ አስተናጋጅ ነው፤ እናቱም ማሳ ላይ ናት። ያን ጊዜ የተደረገ ቻም ካሜራ አያጣም፣ የመንደሩን ሰው ግን ሊያጣ ይችላል።

ሄሚስስ የሚል ይኖራል፤ ትልቁ ገዳም የጉሩ ፓድማሳምባቫን ልደት ከጥንትም የሚያከብረው በቲቤት አቆጣጠር በአምስተኛው ወር፣ ማለትም በሰኔ ወይም በሐምሌ ነው። እውነት ነው፤ በየ12 ዓመቱ፣ በዝንጀሮ ዓመት፣ ግዙፉ የሐር ምስል ሲዘረጋ ላዳካዊው ከየሸለቆው ይጎርፋል። በ2016 ተዘርግቷል፤ ቀጣዩ በ2028 ነው። ይህ የሚያሳየው ግን ሙቀቱ ራሱ ጥፋት እንደሌለበት ብቻ ነው። የሄሚስን ቀን ያቆመው የበዓሉ ምክንያት ነው፤ ሰውም ሥራውን አስተካክሎ የሚመጣው ቀኑን የራሱ አድርጎ ስለኖረ ነው። ትናንት የተዛወረ በዓል ይህ መሠረት የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ነገር ነው። ገዳማቱ አርጅተዋል፤ ግድግዳ መጠገን፣ ሥዕል ማደስ፣ ሕፃናት መነኮሳትን ማብላትና ማስተማር ወጪ አለው፤ ጎብኚው ከፋይ ነው። ይህን ከሩቅ ሆኖ መናቅ ቀላል ነው፣ ለዚህም ነው ያዛወሩትን ገዳማት በስግብግብነት የማልከሳቸው። ነገር ግን ገቢ ለማግኘት ቻሙን ማዛወር ግድ አይደለም። ገዳሙ በሙቀቱ ወራት ሁሉ ክፍት ነው፣ መግቢያም ያስከፍላል። መንገዱ በበረዶ ቢዘጋም አውሮፕላን በብርዱም ሌህ ያርፋል፤ ስፒቱክንና ማቶን በየወራታቸው ማየት የፈለገ ይደርሳል፣ ቁጥሩ ማነሱም ለግቢው መልካም ነው። ለጎብኚ ተብሎ የሚሰናዳ ትርኢት ካስፈለገ ደግሞ የቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ በየመስከረሙ የሚያዘጋጀው የላዳክ ፌስቲቫል አለ፤ ጭፈራውም፣ ሙዚቃውም፣ ፖሎውም እዚያ ይታያል፣ ማንም አዝመራውን ትቶ እንዲመጣ አይገደድበትም።