ሺሻና ቬፕ በቀጥታ ሥርጭት ማሳየት ይቻላል?

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ሱቅ ኖሯችሁ በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ዕቃ ለምታስተዋውቁ ነጋዴዎች፦ ለሺሻ፣ ለቬፕና ለሲጋራ መልሱ አጭር ነው፤ አይቻልም።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማናቸውንም የትምባሆ ማስታወቂያ ከልክሏል። ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ደግሞ ጭራሽ አይሸጡም። ስለዚህ ቬፑን ካሜራ ፊት ይዞ ጭሱን ቡልቅ ማድረግ፣ የማንጎና የሚንት ጣዕሙን መዘርዘር፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ መለጠፍ ያስጠይቃል። «አሳየሁ እንጂ አልሸጥኩም» ማለት አያድንም፤ ማስተዋወቁ ራሱ ነው የተከለከለው። ሶዶ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ እነዚያን ቪዲዮዎች አብዝተው የሚያዩት ልጆቻችን መሆናቸው እጅግ ያሳስበኛል።

ካናቢስማ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ጉዳይ ነው። የውጭ አገር ቪዲዮ አይታችሁ አትሳሳቱ፤ ካናዳ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 ስትፈቅደው ማስታወቂያውን በጥብቅ ገድባለች።

ሲጋራ በሱቅ መሸጥ ይቻላል፤ 21 ዓመት ላልሞላው ግን አይደለም። ከአከፋፋይ ስትረከቡ ፓኬቱን አገላብጡት፦ የፊትና የኋላ ገጹን 70 በመቶ የሚሸፍን ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ ከሌለው መልሱት።