የተቆለፈ መኪና፣ የተተወ ሽጉጥ

በሕጋዊ ፈቃድ የጦር መሣሪያ የያዘ ሰው ሽጉጡን መኪናው ውስጥ ትቶ ወደ ጉዳዩ ሊሄድ ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው የመኪናው በር መቆለፉና አለመቆለፉ ነው፤ ይሁን እንጂ ለጥያቄው መልስ የሚሆኑት መኪናው የቆመበት ስፍራና ባለቤቱን ሽጉጡን እንዲተው ያስገደደው ምክንያት ናቸው። ሁለቱም በጉልህ ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ የመርካቶው ሸማ ተራ ነው።

መርካቶ የአሁን መልኩን መያዝ የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ወራሪው አስተዳደር በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ለአገሬው ሰው የተለየ መገበያያ ባደረገበት ጊዜ ሲሆን፣ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን የሚሰለፉባቸው መደዳዎች «ተራ» እየተባሉ ብዙዎቹ በሚሸጥባቸው ዕቃ ተሰይመዋል። በሸማ ተራ ነጠላው፣ ጋቢውና ጣቃው፣ ማለትም ተጠቅልሎ በጅምላ የሚሸጠው ወጥ ጨርቅ፣ ከመኪና ወርዶ ሱቅ እስኪገባ ድረስ ከዓይን አይጠፋም። ተሸካሚው ከፊት ሲሄድ የሱቁ ልጅ ከኋላ ይከተላል፤ በረንዳ ላይ በተከመረው ዘንድ ደግሞ ጠባቂ ይቆማል። አንድ ቦንዳ ጨርቅ መኪና ውስጥ ትቶ ለግማሽ ቀን የሚጠፋ ነጋዴ ቢኖር ጎረቤቶቹ ይገሥጹት ነበር። ከቦንዳው ይልቅ እጅግ የከፋ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ሽጉጥ ግን ዳሽቦርድ ሥር ባለው ኪስ ወይም በወንበር ሥር ተሸጉጦ ሲቀር ነገሩ እንደ ጥንቃቄ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

ለዚህ የሚዳርገው አሠራር ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። ጥሬ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ራሱንና ንብረቱን ለመጠበቅ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ይታጠቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ ባንክ፣ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ትልልቅ የገበያ ሕንፃዎች ሲገባ በር ላይ ፍተሻ ያገኘዋል፣ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያም ከበሩ ላይ ተለጥፎ ያነባል። መሣሪያውን ተረክቦ የሚያቆይ ቦታ በሌለበት ታጣቂው ያለው አማራጭ ወደ መኪናው መመለስ ብቻ ይሆናል። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለሕንፃው ደኅንነት ተብሎ የተከለከለው ሽጉጥ በቀጥታ ወደ መንገድ ዳር እንደሚወርድ ሊታሰብበት ይገባል። አደጋውም የሚጀምረው መስታወት ሲሰበር ሳይሆን ሰውዬው ከበር ተመልሶ፣ መኪናውን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ካስቀመጠ በኋላ ወገቡን እያስተካከለ ሲወጣ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ የሚውል ተመልካች ከዚህ በላይ ምልክት አያስፈልገውም።

መኪና የተሠራው ሰው ለማጓጓዝ እንጂ ንብረት ለመቆለፍ አይደለም። የፊት መስታወቱ በሁለት ንብርብር መካከል ስስ ሽፋን ስላለው ቢሰነጠቅም ተያይዞ ይቆያል፤ የጎኑ መስታወት ግን ብዙውን ጊዜ በሙቀት የጠነከረ አንድ ንብርብር በመሆኑ ሲመታ በአንድ አፍታ እንደ ጨው ተፈርፍሮ ይወድቃል። የዳሽቦርዱ ኪስ መቆለፊያ ቢኖረው እንኳን ክዳኑ ፕላስቲክ ነው፤ የኋላ ኮፈኑ ከዓይን ቢሰውርም በብዙ መኪኖች የኋላውን ወንበር በማጠፍ ከውስጥ ይደረስበታል። የማንቂያ ደወሉም ቢሆን በመርካቶ ጩኸት መካከል፣ የአይሱዙው ጥሩምባና የተሸካሚው «ዞር በል!» በሚሰማበት መንገድ ላይ፣ ማንንም ቀና አያደርግም። በዚያ ላይ ማቆሚያ በመጥፋቱ መኪናው ብዙ ጊዜ የሚቆመው ከሱቁ ርቆ፣ ባለቤቱ ሊያየው በማይችልበት ማዕዘን ነው።

ሌባ መስታወት መስበርም ላያስፈልገው ይችላል። አንዱ «ጎማህ ተንፍሷል» ብሎ ሾፌሩን ሲያስወርድ ሌላው በወዲያኛው በር እጁን የሚሰድበት ዘዴ በከተማው የታወቀ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሰው «ሿሿ» ብሎ የሚጠራው የታክሲ ውስጥ ስርቆትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ፣ የተሳፋሪውን ትኩረት በማዘናጋት ነው። ከዚህም ይልቅ የሚዘነጉት ባለቤቱ በገዛ እጁ ቁልፉን የሚያስረክብባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ላቫጆ የገባ መኪና ምንጣፉ ተገልብጦ፣ ወንበሩ ወደፊት ተስቦ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይጠረጋል፤ ጎሚስታው መለዋወጫ ጎማውን ለማውጣት የኋላውን ኮፈን ይከፍታል፤ መኪናው ጋራዥ ካደረ ደግሞ ቁልፉ የሚያድረው ከሌላ ሰው ጋር ነው። በእነዚህ ሥራዎች የተሠማሩት አብዛኞቹ በላባቸው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ባልጠበቁት ቦታ እጃቸው ላይ ቢወድቅ ቀድሞ የሚጎዳውም እነርሱን ነው። ጥይት የጎረሰ የሚባለው ጥይቱ ከካዝናው ወጥቶ በአፈሙዙ ጀርባ ገብቶ ቃታ መሳብ ብቻ የሚጠብቅ መሣሪያ ነው።

ከሕግ አንጻር ሲታይ በኢትዮጵያ መሣሪያ መያዝ የሚቻለው በፈቃድ ብቻ ሲሆን፣ ይህን የሚገዛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የቁጥጥሩን ሥራ ለፌዴራል ፖሊስ ይሰጣል። ፈቃዱ የሚሰጠው ታምኖ ለተመዘገበው ሰው እንጂ ለመኪናው ወይም መኪናውን ለሚነዳ ሁሉ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ዕለት የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በ2 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ማዘዙ ደግሞ በከተማው ማን ምን እንደያዘ ማወቅ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ያሳያል። ከመኪና የተሰረቀ ሽጉጥ ከዚህ መዝገብ ያመልጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሰራቂውን በአንቀጽ 665፣ የተሰረቀውን ዕቃ አውቆ የሚቀበለውን በአንቀጽ 682 ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን መሣሪያውን አይመልሰውም። የተሰረቀ ስፖኪዮ ሌላ መኪና ላይ ይገጠማል፣ የተሰረቀ ጋቢ በጊዜው ያረጃል፤ ሽጉጥ ግን ጥቂት ዘይት ካገኘ ለአሥርተ ዓመታት ይሠራል፣ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥርም ከፈቃድ ሰጪው ዓይን እየራቀ ይሄዳል።

ሸማ ተራ ከስርቆት ሌላ የሚያስታውሰው አደጋም አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በዚህ ተራ የተነሣው ከባድ ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት ሲያወድም የመንገዱ መጥበብ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ አክብዶት ነበር። ጥይት በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ በመቆየቱ ብቻ አይፈነዳም፤ በሚቃጠል መኪና ውስጥ ግን ባሩዱ በሙቀቱ ይቀጣጠላል። ልቅ የሆነ ጥይት ሲፈነዳ ጉልበቱ በየአቅጣጫው ስለሚበተን በዋናነት የሚያሰጋው የቀለሁ ስብርባሪ ሲሆን፣ በሽጉጥ ውስጥ የጎረሰው ጥይት ግን ቃታ እንደተሳበ ያህል በአፈሙዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጨርቅ በተከመረበት ጠባብ መንገድ እሳት ለማጥፋት የሚሯሯጥ ሰው ከቆሙት መኪኖች በየትኛው ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

መሣሪያ በብዛት በሚያዝባት አሜሪካ ጉዳዩ ትልቅ የሕዝብ ችግር ሆኗል፤ የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት ከግለሰቦች ተሰርቀዋል ተብለው የተመዘገቡት መሣሪያዎች ከ1 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገልጿል፤ በብዙ ከተሞችም መኪና ዋናው የስርቆት ቦታ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች የሚታወቀው የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሰው በሌለበት መኪና ውስጥ የሚተው ሽጉጥ ከዓይን በተሰወረና በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን እንዲቀመጥ፣ መኪናውም እንዲቆለፍ በሕግ አስገድዷል። የመኪና በር ብቻውን በቂ ቁልፍ አለመሆኑን የሚቀበል ሕግ ነው።

ለሸማ ተራው ነጋዴ ከሣጥን የቀረበ መፍትሔ አለ። «ካዝና» የሚለው ቃል በአማርኛ የሽጉጡን ጥይት መያዣም የገንዘብ ማስቀመጫውን የብረት ሣጥንም የሚጠራ ሲሆን፣ ብዙ ጅምላ ሻጮች ሁለተኛውን በሱቃቸው ግድግዳ ላይ አስገጥመውታል፤ ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ፣ የጥይት ካዝናው ተነጥሎ፣ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ብቻ በሆነው በዚህ የብረት ሣጥን ቢውል ከየትኛውም መኪና የተሻለ ይጠበቃል። መኪና ውስጥ መተው ግድ የሚሆንበት አጭር ጊዜ ቢመጣ በብረት ገመድ ከወንበሩ እግር ጋር የታሰረ ጠንካራ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ሽጉጡም ወደ ሣጥኑ የሚገባው መድረሻው ላይ ሰው እያየ ሳይሆን ከመነሻው ነው። ማሳደር ግን በምንም ምክንያት አይገባም። የመሣሪያው መለያ ቁጥርና የፈቃዱ ቅጂ ቤት መቀመጥ አለባቸው፤ ፈቃዱ ከሽጉጡ ጋር በአንድ ኪስ ውስጥ ከተሰረቀ ባለቤቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የጠፋበትን መሣሪያ በትክክል መግለጽ ይቸግረዋል፣ በዚያን ጊዜ የሚባክነው እያንዳንዱ ሰዓት ደግሞ ሽጉጡን ከከተማው ያርቀዋል። ነጋዴው ባንክ የሚሄድበትን፣ መኪናውን ላቫጆ የሚያስገባበትን ወይም ፍተሻ ያለበት ሕንፃ የሚገባበትን ቀን ብዙውን ጊዜ ከዋዜማው ያውቀዋልና፣ በዚያን ቀን ሽጉጡ ጠዋት ከቤት ሳይወጣ ተቆልፎበት ቢቀር መርካቶ ደርሶ የት ላስቀምጠው የሚያሰኝ ነገር አይኖርም።