ልጁ ከዘገየ አትጠብቁ፤ ልጁን አትደብቁ



በዚህ ሳምንት የምናነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት ውስጥ አለ። በአደባባይ ግን ብዙ አይነገርም። ጉዳዩ እንደ እኩዮቹ መቀመጥ፣ መሄድ፣ መናገር ወይም መጫወት ያቃተው ሕፃን ጉዳይ ነው።

እኛ አስተማሪዎች በሰቆጣ ዙሪያና በዋግ ኽምራ ደጋ ቀበሌዎች ስለ ልጆች ውይይት ስናነሣ የምንሰማው መልስ ይመሳሰላል። «ይደርሳል፤ አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይላሉ አንዳንዶቹ። «የሰው ዓይን ነው» ይላሉ ሌሎቹ። «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ቁጣ ነው» የሚሉም አሉ። የሦስቱም አባባል መጨረሻ አንድ ነው። ልጁ ጓዳ ይቀራል። እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል። ዕድሜው ግን አይቆምም።

የእኛ ምክር አጭር ነው። አትጠብቁ፤ አትደብቁ። ለምን? ምንስ ማድረግ ይቻላል? ቀጥለን እንይ።

የእድገት ውስንነት ምንድን ነው?

በአንድ ማሳ የተዘራ ማሽላ እንኳ በአንድ ቀን አያሽትም። ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ጥቂት መቅደም ወይም መዘግየት ያለ ነው። መዘግየቱ ሲበዛ ግን ምክንያት አለው።

የእድገት ውስንነት ማለት የሕፃኑ አእምሮ እድገት ገና ከጅምሩ ስለ ታወከ መንቀሳቀስ፣ መናገር፣ መማር ወይም ከሰው መግባባት ሲያስቸግረው ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ልዩነቱን ይዞ ይወለዳል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ እጅና እግሩ ይገተርበታል ወይም ይዝልበታል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ ይለያል።

ምክንያቱስ? ምጥ በዝቶ ሕፃኑ ሲወለድ አየር ያጥረው ይሆናል። ያለ ጊዜው ተወልዶ ይሆናል። ማጅራት ገትር ይዞት ይሆናል። እንደ ዝቋላና አበርገሌ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ወባ ጠንቶ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጨርሶ ላይታወቅ ይችላል። የእናት ኃጢአት ግን አይደለም። እርግማንም አይደለም። ስለዚህ «በአንቺ ነው የመጣው» ብሎ እናትን መውቀስ ስሕተት ነው። የተወቀሰች እናት ልጇን ትደብቃለች። የተደበቀ ልጅ ደግሞ እርዳታ አያገኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ!

ምን ምልክት እንይ?

እነዚህን ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

1. በ3 ወሩ ሰው ሲያጫውተው ፈገግ የማይል፤
2. በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፤
3. በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፤
4. በ1 ዓመት ከ6 ወሩ የማይሄድ፣ ወይም አንድ ቃል እንኳ የማይናገር፤
5. በ2 ዓመቱ «ውኃ ስጪኝ» እንደሚለው ያለ ሁለት ቃል አያይዞ የማይናገር፤
6. በማንኛውም ዕድሜ ያወቀውን የሚረሳ፤ ይናገር የነበረው ዝም ያለ፣ ይሄድ የነበረው የተቀመጠ።

ከነዚህ አንዱ ከታየ ልጁ የግድ ውስንነት አለበት ማለት አይደለም። ነገር ግን ይመርመር። ያወቀውን የረሳ ልጅ ከሆነ አንድ ሳምንትም አትቆዩ።

በአንድ የውይይት ሰዓት አንዲት አያት፣ «ልጆቼ፣ የልጄ ልጅ 3 ዓመት ሞላው። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጸበል ወስደነዋል። ከዚህ ወዲያ ምን አለ?» ብለው ጠየቁን።

«እማማ፣ ከኋላው ሆነው ሲጠሩት ይዞራል?» አልናቸው።

አሰብ አደረጉና፣ «ኧረ ሲያየኝ ነው የሚመጣው» አሉ።

ይህ መልስ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጆሮው የማይሰማ ልጅ ቃል አይለምድም። ሰው ጅል ነው ይለዋል እንጂ ጅል አይደለም። ስለዚህ መናገር የዘገየ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያ ጆሮው ይታይ። እንጥል ማስቆረጥ ግን ንግግር አያመጣም። ደም ያፈሳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። ጸበል የሚያስጠምቅ ወላጅ ያስጠምቅ። ጸበሉ ወደ ጤና ኬላ መሄድን አይከለክልም።

ለምን ቶሎ?

የሰው አእምሮ በፍጥነት የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ልጅ 2 ዓመት ሲሞላው የአእምሮው መጠን ከአዋቂ ሰው አእምሮ ሦስት አራተኛ ያህል ይደርሳል። በዚህ ዕድሜ የሚሰጥ እርዳታ በለጋ እንጨት ላይ እንደሚደረግ ማቃናት ነው። ሲቆይም ጥቅም አለው። ግን ይከብዳል። ለዚህ ነው «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው።

የሰቆጣን ስም በዚህ ረገድ መላ አገሩ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነበር። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገባ። ስሙም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ቃል ኪዳኑ የተመሠረተው በመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት ላይ ነው። ይኸውም ከፅንስ ጀምሮ 2ኛ ዓመት እስኪሞላ ያለው ጊዜ ነው። በምግብ እጥረት የቀነጨረ ልጅ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚያጥረው፤ አእምሮውም ይጎዳል። ነገር ግን ምግብ ብቻ አይበቃም። ልጅ ጨዋታና ወሬም ይርበዋል።

ስለ ጨውም አንድ ቃል እንበል። ሰቆጣ በጥንት ዘመን ከአፋር በረሃ በሚመጣው አሞሌ ጨው የታወቀች ገበያ ነበረች። አሞሌው ግን አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። ነፍሰ ጡር አዮዲን ካነሳት የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። እንግዲህ ፊደል ቆጥራችኋል። ጨው ስትገዙ በላዩ ላይ «አዮዲን» የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ አንብቡ። ጨውን ክደኑት። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ብዙ ሰው «ሐኪም አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ምን አቅም አለን?» ይላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ትልቁ እርዳታ የሚሰጠው በየዕለቱ ሥራ መካከል፣ በእናት፣ በአባት፣ በአያትና በታላላቅ ልጆች ነው።

ንግግር። ፊት ለፊቱ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። እሱ የሚያየውን እዩ። ፍየል ካየ «ፍየል» በሉ። ውኃ ሲፈልግ ቶሎ አትስጡት። ዋንጫውን አሳዩትና 5 እስክትቆጥሩ ጠብቁ። ቢያመለክት ወይም ድምፅ ቢያሰማ «ውኃ!» ብላችሁ ወዲያው ስጡት። ቋንቋው የቤት ቋንቋ ይሁን። ኽምጣኛ የሚነገርበት ቤት በኽምጣኛ፣ አማርኛ የሚነገርበት ቤት በአማርኛ ያውሩት።

ሥራ። ሥራውን ከፋፍሉት። ቀሚስ ስታለብሱት እጅጌውን እናንተ አስገቡ፤ ወደ ታች መሳቡን ለእሱ ተዉለት። እሱን ሲችል ሌላውን ጨምሩለት። ትንሽ ሲችል «ጎበዝ!» በሉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

መቀመጥና መቆም። መቀመጥ ያቃተውን ልጅ ቀኑን ሙሉ ቁርበት ላይ አስተኝታችሁ አትተዉት። ከመደቡ ጥግ ግራና ቀኙን በጨርቅ ደግፋችሁ አስቀምጡት። ለመሄድ የሚሞክር ልጅ በደጅ ሁለት አግዳሚ እንጨት በወገቡ ልክ ይተከልለት። ግራና ቀኝ ይዞ ይለማመዳል።

ምግብ። እጅና እግሩ የሚገተርበትን ልጅ አስተኝቶ መጋት አደገኛ ነው። ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፤ የሳንባ ምች ያመጣል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጭንቅላቱ ጥቂት ወደ ፊት ይዘንበል። በትንሽ በትንሹ አጉርሱት። እስኪውጥ ጠብቁ።

ጨዋታ። ሌሎቹ ልጆች ወደሚጫወቱበት አውጡት። በስሙ ጥሩት። «ድዳ»፣ «ሽባ» አትበሉት። ልጆች የሚቀኑት ትልልቆችን አይተው ነው።

ይህ ሁሉ የእናት ሥራ ብቻ አይሁን። ውኃ የምትቀዳው፣ የምትፈጨው፣ የምትጋግረው እሷ ናት። አባት በቀን ግማሽ ሰዓት ከልጁ ጋር ቢቀመጥ ልጁም ይማራል፤ እናትም ትተነፍሳለች።

በአገራችን የተሠራ አለ?

አዎን አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚያስተምር ቦታ አጡ። ልጃቸውን ግን አልደበቁም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በአደባባይም ስለ ልጃቸው ተናገሩ። መናገር ላቃታቸው ልጆች ድምፅ በድምፅ የሚያስተምር፣ በፊደላችን ላይ የተመሠረተ ዘዴም አዘጋጁ። ስሙን አቡጊዳ ፎነቲክስ አሉት። እናንተ ማንበብ የጀመራችሁበት ፊደል ለእነዚያ ልጆችም አፍ መፍቻ እንዲሆን ማለት ነው። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል።

ሁሉም ሰው አዲስ አበባ አይሄድም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ሥልጠና አዘጋጅቷል። 9 የጋራ ስብሰባና 3 የቤት ለቤት ጉብኝት አለው። አሠልጣኙ የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። ይህ ሥልጠና በአገራችን በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሮ የሙከራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ከላይ ስለ ንግግር፣ ስለ ሥራና ስለ ጨዋታ ከጻፍነው ብዙው ከዚህ ዓይነቱ ትምህርት ጋር አንድ ነው። የሚጠይቀው ጊዜና ትዕግሥት ነው።

ወዴት እንሂድ?

በመጀመሪያ ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ። እሷ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ጤና ጣቢያው ደግሞ ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊልክ ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በዋግ ብዙ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል። መንገዱም ሩቅ ነው። ይህን እናውቃለን። ቢሆንም የቤቱ ሥራ ቀጠሮ አይጠብቅም። ዛሬ ማታ እሳት ዳር ሊጀመር ይችላል።

ስትሄዱ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ደብተሩ ላይ የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ወርና ዓመት ጻፉ። ከዚያ በየወሩ የቻለውን አንድ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ጥቅምት። ተደግፎ ተቀመጠ።» «ታኅሣሥ። ስሙን ስጠራው ዞረ።» ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። ሐኪሙ ከዚህ ብዙ ይረዳል። እናንተም ልጁ እንደቆመ ሳይሆን እየሄደ መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አዳዲስ ቃላት

ውስንነት — አንድን ነገር እንደ ሌላው ለመሥራት መቸገር።
መቀንጨር — በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመት ለዕድሜ ማነስ።
ፍንጭ — ነገሩን ለማወቅ የሚረዳ ትንሽ ምልክት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ ከቤት የማይወጣ ልጅ አለ? ለምን አይወጣም?
2. ከ6ቱ ምልክቶች ሳታዩ ስንቱን ታስታውሳላችሁ?
3. ጎረቤት ለእንዲህ ያለ ልጅ እናት በሳምንት አንድ ቀን ምን ሊያግዛት ይችላል? መልሳችሁን በደብተራችሁ ጻፉና ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።