ነፃው አገልግሎት የሚያስከፍለን ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው በአገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማት የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት የሚሰጠው ያለ ክፍያ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ አለመክፈል ምንም አለመክፈል ማለት አይደለም።

እስቲ በቆቦ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። ባል ባጃጅ ይነዳል። ሚስት ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። እሷ የሦስት ወር መርፌ ለመወጋት በዓመት 4 ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። በእያንዳንዱ ጉዞ ግማሽ ቀን ቢያልፍባት፣ በዓመት 2 የሥራ ቀን ከፈለች ማለት ነው። ይህ ወጪ ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

ጥራት ሲባል ምን ማለት ነው?

በ1990 እ.ኤ.አ. ጁዲት ብሩስ የተባሉ ተመራማሪ ጥራት ያለው የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት 6 ነገሮችን ማሟላት እንዳለበት ጻፉ። እነርሱም የዘዴዎች ምርጫ መኖሩ፣ በቂ መረጃ መስጠት፣ የባለሙያው ችሎታ፣ ተገልጋይን በአክብሮት መያዝ፣ ክትትል እና አገልግሎቱ ለተገልጋዩ በሚመች መንገድ ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር መሰጠቱ ናቸው። በአገራችንም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የሚሠራበት ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጥራት ስትራቴጂ አውጥቶ ነበር።

ዓላማው የሚደገፍ ነው። ነገር ግን የማሻሻል ሥራው ራሱ ዋጋ እንዳለው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

አንዲት ነርስ በቀን 20 እናቶችን ታስተናግዳለች እንበል። ለጥራት ክትትል ሲባል አዲስ መዝገብ መጣ። በአንድ ሰው 5 ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነው። 5 ደቂቃ ትንሽ ይመስላል፤ በ20 ሲባዛ ግን 100 ደቂቃ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ጊዜ ከየት ይመጣል? ወይ ነርሷ ምሳዋን ትተዋለች፣ ወይ ምክሩ ያጥራል፣ ወይ በወንበር ላይ ያሉት እናቶች ይጠብቃሉ።

ሥልጠናም እንዲሁ ነው። ባለሙያዋ ለሦስት ቀን ወደ ወልድያ ብትሄድና የሚተካት ባይኖር፣ ክፍሉ ይዘጋል። ከሮቢት ወይም ከጎብዬ የመኪና ከፍላ የመጣች እናት “ሰኞ ተመለሺ” ትባላለች። ሰኞ ግን ልጇ ሊታመምባት፣ ገንዘቡም ላይገኝ ይችላል። ቀኗ ያልፍና ያላሰበችው እርግዝና ይመጣል። እንግዲህ የሥልጠናው ወጪ ከአበሉ በላይ ሆነ ማለት ነው።

በተለይ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። ዕቃና ባለሙያ በጎደለበት ቦታ የሚጨመር እያንዳንዱ ሥራ ክብደቱ እጥፍ ነው።

ታዲያ የማሻሻል ሥራው ይቅር?

አይቅር! ጥራት ማጣት ደግሞ ከዚህ የባሰ ያስከፍላል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአገራችን መከላከያ መጠቀም ከጀመሩት ከ100 ውስጥ 35 ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው አቋርጠዋል። አንዳንዶቹ ያቆሙት ልጅ ስለፈለጉ ነው። ሌሎቹ ግን የጎንዮሽ ጉዳት አሳስቧቸው ነው። የወር አበባዋ ሊዛባ እንደሚችል አስቀድሞ የተነገራት ሴት ለውጡን ስታይ አትደናገጥም። ያልተነገራት ትደነግጣለች፣ ታቋርጣለች። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ፣ ለምክር የጠፋች 10 ደቂቃ ብዙ ወራት ታተርፋለች።

ስለዚህ ጥያቄው “ጥራት ይሻሻል ወይስ አይሻሻል?” አይደለም። “ዋጋው ተቆጥሯል ወይ? በማን ትከሻ ላይስ ወደቀ?” የሚለው ነው።

ጤና ተቋማት ምን ያድርጉ?

አዲስ መዝገብ ከመጀመሩ በፊት የትኛው አሮጌ መዝገብ እንደሚቀር ይወሰን። ባለሙያ ለሥልጠና ሲሄድ ተተኪ ይመደብ፤ ካልተቻለም ቀጠሮ ያላቸው እናቶች ቀድመው ይነገራቸው። የተገልጋይ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የምትጠብቅበት ሰዓትም ይለካ።

እናንተስ ባልና ሚስት?

1. የቀጠሮውን ቀን ሁለታችሁም እወቁት። የሦስት ወር መርፌ ከቀጠሮው እስከ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የገበያ ቀንን ትታችሁ ወረፋ የሚቀንስበትን ቀን ምረጡ። ቀኑ ካለፈም ተስፋ ቆርጣችሁ አትቅሩ፤ እስከ 4 ሳምንት ድረስ የዘገየች ሴት መርፌውን መውሰድ ትችላለች። ከዚያ በላይ ከሆነም መጥታችሁ ባለሙያ አማክሩ።

2. ወጪውን ተካፈሉ። ባል ሆይ! ሚስትህ ወረፋ ስትጠብቅ ልጆቹን ያዝ፣ ወይም ጉልቱን ጠብቅላት። ከተቻለም አብረህ ግባ፤ ምክሩ ለሁለታችሁም ነው።

3. መመላለሱ ከከበዳችሁ ስለሌሎች ዘዴዎች ጠይቁ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል። ምርጫው ግን የእናንተ እንጂ የባለሙያው አይደለም።

4. የምትፈልጉት ዘዴ ከጠፋ ወይም ክፍሉ ተዘግቶ ካገኛችሁት ባዶ እጃችሁን አትመለሱ። እስከዚያው የሚሆን ኮንዶም ጠይቁ።

5. ስንት ሰዓት እንደጠበቃችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደተመለሳችሁ ጽፋችሁ በአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ክተቱ። መጻፍ ለማይችል ጎረቤት ጻፉለት።

ተቋሙ የራሱን ወጪ በመዝገቡ ያውቃል። የእናንተን ግን ካልነገራችሁት አያውቅም። ያልተነገረ ወጪ ደግሞ የሚቀንሰው የለምና፣ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩን።