ያለ ደመወዝ ልጆችን ስለሚመሩ ሰዎች
በቢቸናና በሞጣ ስለ ታየው ድካምና ደስታ

ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሄዶ በዕረፍት ቀን ልጆችን እየሰበሰበ ገመድ መቋጠርን፥ ቍስል ማሰርን፥ ችግኝ መንከባከብን የሚያስተምር ሰው ሁለት ጥያቄ ሳይቀርብለት አይውልም። የመጀመሪያው «ማን ልኮህ ነው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ስንት ይከፍሉሃል?» የሚል ነው። ማንም አልላከኝም፥ ማንም አይከፍለኝም ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ ጠያቂው ዝም ይላል እንጂ አያምንም። ይህን የምጽፍ እኔም በሁለቱ ከተሞች ጥቂት ክረምቶችን በዚህ ሥራ ስላሳለፍሁ፥ ነገሩን ለክቡራን ሹማምንትና ለሊቃውንት ካህናት ማመልከት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ስካውት የሚባለው የወጣቶች ማኅበር አጀማመሩ አጭር ነው። ቤደን ፖወል የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. ብራውንሲ በምትባል ደሴት 20 ያህል ልጆችን ሰብስቦ በድንኳን አሳደረ። የባለጸጋውና የሠራተኛው ልጅ ባንድነት ተኝተው ባንድነት በሉ፤ በአራት ክፍልም ተከፍለው ለየክፍሉ ከራሳቸው መካከል አለቃ ተሾመላቸው። ዛሬ በዓለም ከ50 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በዚህ ማኅበር ውስጥ ይቈጠራል። በአገራችንም ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ተማሪ ቤቶች ስካውት ታይቶ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ግን ወጣቱ በመንግሥት ማኅበራት እንዲደራጅ ተደረገ፤ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ሲቋቋም፥ ልጅን በገዛ ፈቃዱ ሰብስቦ ማስተማር ለሚወድ ሰው ብዙ ስፍራ አልቀረለትም።

በቢቸና ሥራውን ስጀምር አንድ አረጋዊ መሪጌታ የስካውትን ሥርዓት አስረዳኝ ብለው ጠየቁኝ። ልጆቹ ስድስት ወይም ስምንት እየሆኑ እንደሚመደቡ፥ በዕድሜና በዕውቀት የበለጠው ልጅ ታናናሾቹን እንደሚመራ፥ በሜዳ ማደርን፥ ምግባቸውን ራሳቸው ማዘጋጀትን እንደሚማሩ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ታዲያ ይህ የእኛው ጎጆ አይደለምን?» አሉኝ። ነገሩን ባሰብሁት ቍጥር እውነታቸው እየበዛብኝ ሄደ። ቢቸና አጠገብ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም አለ፤ በዚያና በሌላውም የጎጃም ጉባኤ ቤት የአብነት ተማሪ ከወላጁ ቤት ርቆ፥ ደበሎ ለብሶ፥ ጎጆውን በራሱ እጅ ቀልሶ፥ አኮፋዳውን ይዞ ከውሻ ጋር እየታገለ ምግቡን ለምኖ ይማራል። በቅኔው ቤትም ብርቱው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ደካማውን ይረዳል፤ ለዚህም ደመወዝ አይቈረጥለትም። እንግሊዛዊው ጄኔራል በደሴት ላይ የሞከረውን ነገር ጎጃም ብዙ መቶ ዓመት ሠርታበታለች ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ካህን ቢኖር ከእንግሊዝ አገር አልጀምርም፤ ከጎጆው እጀምራለሁ።

ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። የአብነት ተማሪ ሕይወቱን ለትምህርቱ ሰጥቶ የመጣ ነው፤ የእኔ ልጆች ግን የሚመጡት ከእረኝነት፥ ከአረምና ከጤፍ አጨዳ የተረፈ ጊዜ ሲኖር ብቻ ነው። በሰኔ ሠላሳ የነበሩት በጥቅምት ዘጠኝ ይሆናሉ። አባት «ልጄን ሥራ አስፈታኸው» ብሎ ቢቈጣ ቅር ሊያሰኘን አይገባም፤ ከብቶቹን የሚያግድለት ሌላ ሰው የለውምና። መሪው የሚደክመው ልጁ ስለ ቀረ ሳይሆን የማለዳውን መንገድ ሄዶ ባዶ ሜዳ ሲጠብቀው ነው። እንዲህ ባለ ቀን ከተገኙት ሁለትና ሦስት ልጆች ጋር መሥራትን እስኪለምድ ድረስ ብዙ ሰው ሥራውን ይተዋል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ትቼ ተመልሻለሁ።

በሞጣ ያገኘኝን አንድ ስሕተት ደግሞ ልናገር። ልጆቹ ከከተማው በታች ያለውን ምንጭ እንዲያጸዱና ቦይ እንዲቈፍሩ ቀን ቀጠርሁ፤ ቀኑም 23 መሆኑን ዘነጋሁ። የሞጣ ጊዮርጊስ ባለበት ከተማ ልጆች በጊዮርጊስ ዕለት ዶማና አካፋ ተሸክመው በአደባባይ ሲያልፉ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል። አንዲት እናት መንገዱን ዘግተው ቆሙ፤ ወዲያውም ሰው ተሰበሰበ። ያዳነን አንድ ቄስ ናቸው። መሣሪያውን ባንድ ቤት አስቀምጠው፥ ልጆቹን ከዛፍ ጥላ በታች አስቀምጠው፥ «ዛሬ አፈር የማይነካ ነገር አስተምራቸው» አሉኝ። ሌላ ነገር ስላልነበረኝ በሁለት ዱላና በአንድ ጋቢ የበሽተኛ መሸከሚያ አሠራር አሳየሁ። ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ ነገሩን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ አላስቻላቸውም፤ ቋጠሮዬን ፈተው ወሳንሳ እንዴት እንደሚታሰርና አራት ሰው ቍልቍለት ሲወርድ እንዴት እንደሚፈራረቅ አሳዩን። የእርሳቸው ከእኔ የተሻለ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ባሕረ ሐሳብን የማያውቅ መሪ ቢያንስ የወሩን በዓላት በደብተሩ ላይ ይጻፍ እላለሁ።

ስለ ደብተር ካነሣሁ፥ የልጆቹን ስም መመዝገብም ቀላል ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ አጥብቆ ከተቃወመባቸው አውራጃዎች ሞጣና ቢቸና ዋነኞቹ እንደ ነበሩ ታሪክ ጽፎታል። የመሬቱ ልኬትና የስሙ ምዝገባ ምን እንደሚያስከትል ያዩ ሰዎች ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነዋል፤ ከእነርሱ አንዱ «የልጅ ልጄን ስም ለምን ትጽፋለህ?» ቢል አልፈርድበትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘጉ፤ ልጅም ያለ ትምህርት ዋለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፊሽካ ነፍቶ ጎረምሶችን በሰልፍ የሚያቆም ሰው በማንኛውም ወገን ዓይን ምን መስሎ እንደሚታይ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ሰልፉን ትተናል፤ አንድ ዓይነት ልብስም አንለብስም። የቀረን ገመዱና ጋቢው ነው።

ለሹማምንትም አንድ ቃል አለኝ፤ በቅንነት እንዲቀበሉት እለምናለሁ። ልጆቹ ጥቂት ሥርዓት ይዘው በታዩ ጊዜ እንግዳ ለመቀበል በመንገድ ዳር እንዲቆሙ፥ ለስብሰባ ወንበር እንዲያመላልሱ መጠራት ይጀምራሉ፤ ከዚያም በዘገባ ላይ ቍጥር ይሆናሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው አገር ባንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል፤ የእኔም ልጆች በዚያ ቀን በደስታ ተክለዋል። ነገር ግን ችግኝ የሚሞተው በሐምሌ አይደለም፤ በጥርና በየካቲት ከብት ሲለቀቅ ነው። በየካቲት የሚመጣ ዘጋቢ የለም። እኛ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዋንዛ ወይም አንድ ወይራ የራሱ እንዲያደርግ፥ በእሾህ እንዲያጥርና በየሳምንቱ እንዲጐበኝ አደረግን፤ ጥቂት ተከልን፥ ከጥቂቱም የሚበዛው ጸደቀ። መሪዎች ከሹማምንት የሚፈልጉት ገንዘብ ሳይሆን የሚታወቁበት አንድ ደብዳቤና ልጆቹን ለሌላ ጕዳይ ያለ መዋስ ነው።

ደስታው የት አለ የሚል ቢኖር እነግረዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፥ በማይጠበቅ መንገድም ይመጣል። ሞጣን ከማዶው ከእስቴ ጋር የሚያገናኘው በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ በጣልያን ጦርነት ጊዜ መካከሉ ከተሰበረ በኋላ ሰው በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚህን መሻገሪያ ሥዕል በመጽሔት አይቶ፥ ማንም ሳይልከው መጥቶ፥ በ1994 ዓ.ም. ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ድልድዩን ጠገነ፤ ያም ጥገና በኋላ በጎርፍ ስለ ፈረሰ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ልጆቹን ወደዚያ ወስጄ ታሪኩን ስነግራቸው አንዱ «ማን ላከው?» ብሎ ጠየቀ። የቀሩት ሁሉ ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ያን ሳቅ በብዙ ደመወዝ አልለውጠውም።

ከደስታው ቀጥሎ ግን ያለ እፍረት የማልጽፈው ነገር አለ። በሞጣ የሰበሰብኋቸው ልጆች ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ነበሩ። የስካውት ቃል ኪዳን ለእግዚአብሔር ያለ ግዴታን ስለሚያስቀድም፥ እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ እንዲጸና እንጂ አንዱ ወደ ሌላው እንዲሳብ አይፈቅድም፤ ካህናቱም ይህን በተረዱ ጊዜ አልተቃወሙም። በጾም ቀን ምግቡ ለሁሉ የሚስማማ ይሆን ዘንድ ቆሎና ዳቦ እናደርግ ነበር። እኔ ከተማውን ለቅቄ ከሄድሁ በኋላ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፥ የሙስሊሞች ሱቆችም ጠፉ። ወሬውን ስሰማ የመጀመሪያ ሐሳቤ ከልጆቼ ማን ተጐዳ የሚል አልነበረም፤ ከልጆቼ ማን ነበረበት የሚል ነበረ። ስለዚህ ሐሳብ ዛሬም አዝናለሁ፤ ነገር ግን ልጆችን የመራ ሰው እንዲህ ያለ ሌሊት ሊያገኘው እንደሚችል ማወቅ አለበት።

በማግሥቱ ስልክ ቍጥራቸው ወደ ነበረኝ ወደ ሰባቱ ደወልሁ። ሦስቱ ከቤታቸው እንዳልወጡ ነገሩኝ። ሁለቱ፥ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፥ የአንዱን ሱቅ ዕቃ ባንድነት ሲያወጡ እንዳመሹ ነገሩኝ። አንደኛው ብዙ አልቅሶ ምንም ሳይናገር ስልኩን ዘጋ። ሰባተኛው አላነሣም፤ እስከ ዛሬም አላነሣም።

ዕቃ ካወጡት ከሁለቱ አንዱ አሁን በገጠር ተማሪ ቤት መምህር ሆኗል። ባለፈው ጊዜ በጻፈልኝ ደብዳቤ፥ ከተማሪዎቹ መካከል አሥራ አንድ ልጆች መርጦ በዕረፍት ቀን እንደሚያስተምር፥ የወንዝ መሻገሪያ ገመድ ሲወጠር የሚታሰረውን ቋጠሮ ግን እንደ ረሳው አመለከተኝ። ሥዕሉን በወረቀት ላይ አድርጌ፥ አሥር ሜትር ገመድም ጨምሬ፥ በአውቶቡስ ሰው እጅ ላክሁለት።